እመት ዕጣን ቁስሏን የቆጠረችበት ዘመን

ተረት ተረት። «የመሠረት» በሉኝና ልቀጥል።

ከገለጉ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዙ እንደ ማጭድ ከሚታጠፍበት ጉብታ ላይ አንዲት የዕጣን ዛፍ ነበረች። ጎረቤቶቿ እመት ዕጣን ይሏታል። ቋራን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልንገር፦ በዚህ ቆላ ክረምት ሣሩ ሰው ይውጣል፣ በበጋ መሬቱ እንደ ምጣድ ይግላል። የዕጣን ዛፍ ሙጫዋን የምትሰጠው በዚሁ በሚግለው ወራት፣ ቅጠሏን ሁሉ አራግፋ ራቁቷን በቆመችበት ጊዜ ነው። ችግሩ አበባዋም የሚወጣው ያኔ ነው። ዕንባዋም አበባዋም ከአንድ ጓዳ ስለሚወጡ ለአንዱ ስታበዛ ለሌላው ያንሳታል። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ የመታት ዕጣን ለቃሚ አልነበረም። በረት የሚያጥር አንድ መንገደኛ ነው። በምሳር አንዴ ግንዷን ላጥ አደረገና እንጨቱ አልጣመውም መሰለኝ ትቷት ሄደ። ሰውየው እስከ ዛሬ ይህን ነገር አያስታውስም። እመት ዕጣን ግን ፊቱን ባታይም የምሳሩን እጀታ አየች። የአባሎ እንጨት ነበር። አያ አባሎ ደግሞ ከእሷ ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም።

«የእናንተ ወገን ነው የመታኝ» አለችው።

«እጀታው ከየት እንደመጣ በምን አውቃለሁ እመት? እሱስ ቢሆን መጀመሪያ ተቆርጦ አይደለም እጀታ የሆነው?» አለ አያ አባሎ።

መልሱ እውነት ነበር። ያንገበገባትም እውነት መሆኑ ነው።

ዛፍ እግር ስለሌለው ሸንጎ የሚቀመጠው ነፋስ ሲነሳ ነው። ያን ዕለት ማታ ነፋስ ተነሣ፤ እመት ዕጣንም ነገሯን አቀረበች። ከቁስሏ ነጭ ጠብታ እየወረደ፣ ሽታው ዳገቱን ሞልቶት ነበር። ዛፎቹ ሁሉ ጸጥ አሉ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ተደርጎላት አያውቅም። በፊት ስትናገር ግራሮቹ እርስ በርስ ያንሾካሹኩ ነበር፤ ዛሬ ግን እሾሃቸው ሳይቀር ቀጥ ብሎ ሰማት። ግንደ ቆርቁር ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ሆኖ «ይህ ሐዘን አይደለም እመት፣ ይህ ጸሎት ነው!» አለ። እሷም ወደደችው።

በማግሥቱ ሽታውን ተከትለው ዕጣን ለቃሚዎች መጡ። የእነሱ አሠራር የታወቀ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ግንዱን በምሥራቅና በምዕራብ ጎኑ ሦስት ሦስት ቦታ ላጥ ላጥ ያደርጉታል፤ ከዚያ ዝናብ እስኪጠጋ ድረስ በየ15 ወይም በየ20 ቀኑ እየተመለሱ የደረቀውን ሙጫ ይለቅሙና ያንኑ ቁስል ያድሱታል። አዲስ ቦታ አይመቱም። ያንኑ ነው የሚያሰፉት። ከሙጫው የተወሰነው ተጭኖ ወደ ሩቅ ገበያ ይሄዳል፣ የተወሰነው በአካባቢው አብያተ ክርስቲያናት ጽና ላይ ይጤሳል። እሑድ ጠዋት ደወል ሲሰማ እመት ዕጣን ቅርንጫፎቿን ዘርግታ «የእኔ ቁስል ነው አሁን መቅደስ የገባው» ትላለች። ማን ይከራከራታል?

ከዚያ በኋላ በሸንጎው አዲስ ሥርዓት ወጣ፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ብዙ ቁስል ያለው ቀድሞ ይናገራል፤ ቁስል የሌለው ደግሞ ቢናገርም አይደመጥም። የዚህን ጊዜ የቆላው ዛፍ ሁሉ ልብሱን ገልጦ ገላውን ይመረምር ጀመር። ቁርቁራ በገዛ እሾሁ ራሱን ቧጭሮ «ተበደልኩ» አለ። ግራር ፍየል የበላችበትን ቅርንጫፍ አስቆጠረ። ከሁሉ የገረመኝ ግን ሸምበቆ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ጭረት የለበትም፤ ቢሆንም «የእኔ ቁስል የውስጥ ነው፤ እስቲ ሰንጥቃችሁ እዩኝ፣ ከሐዘን ብዛት ውስጤ ባዶ ሆኗል» ብሎ ሁለተኛውን ወንበር ያዘ። የሚያስቀው፣ ይህን ሲናገር ባዶነቱ ድምፁን ስለሚያጎላለት ከእውነተኞቹ ቁስለኞች ይልቅ እሱ ይሰማ ነበር።

አያ አባሎ ቁስል ነበረው፤ እጀታ ሊሆን የተቆረጠው የቅርንጫፉ ጉቶ አሁንም ይታያል። ግን የበዳይ ወገን ስለተባለ አልተቆጠረለትም። ፍሬው በእመት ዕጣን ጥላ ሥር ወድቆ ቢበቅል ውሃ ነሣችው። ሥሯን በሥሩ ላይ አስኬደችበት። አንዲት ቡቃያው ሐምሌን ሳትጨርስ ደረቀች።

በቋራ ምድር በደልን እንዲህ ቆጥሮ መያዝ እንግዳ አይደለም። የዚሁ አገር ልጅ ካሳ ኃይሉ ገና ቴዎድሮስ ሳይባል፣ የእቴጌ መነን ሹም ደጃዝማች ወንድይራድ «የኮሶ ሻጯን ልጅ ይዤ አመጣዋለሁ» ብሎ ፎከረበት። ካሳ በጦርነት ድል ካደረገው በኋላ ደጃዝማቹን ኮሶ አጠጣው ይባላል። ትውልድ ሁሉ ይህን እየሳቀ ያወራዋል፤ እኔም ልጅ ሆኜ ስቄበታለሁ። አሁን ሳስበው ግን የሚታየኝ በዚያ ሁሉ ዘመቻ መካከል፣ ከጎራዴው ጋር አንድ ስድብ ተሸክሞ የዞረው ወጣት ነው። ስድብ ደግሞ ከጎራዴ ይከብዳል፤ ማታ አፍ ውስጥ ነው የሚያድር።

ወደ ተረቴ ልመለስ።

አንድ ዓመት ሁለት ዕጣን ለቃሚዎች ከእመት ዕጣን ሥር ዐረፍ ብለው ቡና ያፈሉ ነበር። አንደኛው ከደጋ የወረደ ጎልማሳ ነው። ወንድሙ ከተገደለ ሰባት ዓመቱ።

«ዘንድሮ ቆርበህ ነው የወረድከው?» አለው ጓደኛው።

«የት ቆርቤ! ነፍስ አባቴ መጀመሪያ ታረቅ አሉኝ።»

«ታዲያ ሽማግሌ አልላኩም እንዴ?»

«ልከዋል እንጂ። ሦስት ጊዜ ላኩ።» ጎልማሳው እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሰ። «እናቴ የወንድሜን ሸሚዝ ከነደሙ በሣጥን አስቀምጣዋለች። ለሙት ዓመቱ ታወጣዋለች። አልቃሾቹ ደግሞ ሸሚዙን እያዩ ግጥሙን ወደ እኔ ያዞሩታል፤ ‹ወንድም አለው ወይ?› እያሉ። በእሷ ቁጥር እኔ ገና ሰው አይደለሁም። ደሙን ብመልስ ነው ሰው የምሆነው።»

«ገዳዩስ?»

«እሱማ ሞተ፤ ወባ ገደለው። አሁን የቀረው የአጎቱ ልጅ ነው፤ አስተማሪ ነው አሉ። ያን ጊዜ ሕፃን ነበር።»

ጓደኛው ምንም አላለም። ቡናውን ጨለጠ። እመት ዕጣን ከላይ ሆና ሰማች፤ ለሰውየውም በልቧ አዘነችለት። «እውነቱን ነው» አለች ለግንደ ቆርቁር። «እናቱ ደግ ናት። እንዳይረሳ ታደርጋለች።» የአጎቱን ልጅ ነገር ስትሰማ ግን አንድ ነገር ወጋት፤ ወዲያው ወደ አያ አባሎ በኩል ያለውን ቅርንጫፏን ዘወር አደረገችው።

በተከተለው ዓመት ሰው አልመጣም። መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ አገሩ ተረብሾ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ዓመት በዚህ ጠረፍ ጥቂት አይደለም። ጥቅምት አለፈ፣ ኅዳር አለፈ። ማንም አልነካትም። ታኅሣሥ ላይ እመት ዕጣን አንድ ቀን ጠዋት ነቅታ በምሥራቅ ጎኗ የማሳከክ ስሜት ተሰማት። ብታይ ቁስሉ ዳር ዳሩን ቆዳ እያለበሰ ነው። እየዳነች ነበር።

ደስ ይላታል ብላችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። ክው ነው ያለችው። ማታ ነፋስ ሲነሣ በሸንጎው ምን ልትናገር ነው? «በፊት ቆስዬ ነበር» የሚል ዛፍ ስንተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል? ሸምበቆ መቼም ቦታዋን ለመውሰድ ተዘጋጅቶ ነው የኖረው። እሑድ ደወል ሲደወልስ ምን ብላ ቅርንጫፏን ትዘረጋለች? ቁስሏ ቢድን ከግንዷ የሚተርፈው ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ጠይቃ አታውቅማ።

ግንደ ቆርቁርን ጠራችው። «አያ ግንደ ቆርቁር፣ ወዳጄ፣ ያችን ቦታ ትንሽ ብትነካልኝ።»

«ምን ዕዳ አለው! በየ20 ቀኑ እመላለሳለሁ» አለ። አፉን ሞርዶ ገባበት።

እዚህ ላይ ተረቱን ሲነግሩ ብዙዎች ግንደ ቆርቁርን ይረግሙታል። እኔ አልረግመውም። ወፉ ትል ፈልጎ ነው የሚቆረቁር፣ ቁስል ባለበትም ትል አይጠፋም። የጠራችው እሷ ናት።

ከጉብታው ሥር አንድ ኩሬ አለ። ድሮ የወንዙ አካል ነበር፤ ወንዙ መንገዱን ሲቀይር «እኔ ከቦታዬ አልንቀሳቀስም» ብሎ የቀረ ነው። አያ ኩሬ ይሉታል። እመት ዕጣን ስትጨነቅ የምታማክረው እሱን ነው። «እኔን እይኝ» ይላታል ሁልጊዜ። «አንዲት ጠብታ ለቅቄ አላውቅም። ያኔ የገባብኝ ጭቃ እንኳ እስከ ዛሬ ከሥሬ አለ። ወንዙ የራሱ የሆነ ምን አለው? ዛሬ ያለው ውሃ ነገ የለም።» ቃሉ ጽናት ይመስላል። ብቻ ማታ ማታ ከእሱ ላይ የቢምቢ ደመና ይነሣና ወደ ከተማው ይሄዳል፤ በገለጉ ወባ የያዘው ሁሉ የሚንቀጠቀጠው በአያ ኩሬ ልጆች ነው። አያ ኩሬ ይህን አያውቅም። ቢነግሩትም «የቆመ ውሃ ሁሉ ይቀናበታል» ይል ነበር።

አሁን ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር መጣ። ያን ዓመት እመት ዕጣን አበባ አወጣች፤ ፍሬም ያዘች። ፍሬው ግን ሲፈለጥ ውስጡ ባዶ ነው። የከርሞውም እንደዚያው። በተከፈተው ቁስል በኩል ግንድ የሚበሳ ነቀዝ ገብቶ ነበርና ሌሊት ሌሊት ሲፈጭ ይሰማታል። ዘወር ብላ ብታይ በዳገቱ ላይ እንደ እሷ ያሉ ትልልቅ የዕጣን ዛፎች ቆመዋል፣ ሁሉም ባለ ቁስል፣ ሁሉም የተከበሩ። በመካከላቸው አንድ ሕፃን ዛፍ የለም።

ይሄ እንኳ ተረት አይደለም። በ2004 ዓ.ም. የታተመ፣ በጎረቤታችን መተማ የተሠራ ጥናት፣ ነገሩ በዚህ ከቀጠለ የዕጣን ዛፎቹ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ሊቀንስ እንደሚችል ተንብዮአል። አሮጌው ይሞታል፣ የሚተካ አይበቅልም። ባለሙያዎቹ ነቀዙን፣ እሳቱን፣ ቡቃያ የሚግጠውን ከብት ሁሉ ያነሣሉ። እኔ ተራቹ ስለ ሸንጎው ነው የማወራው።

የካቲት ላይ እሳት መጣ። የቆላ እሳት ከየት እንደሚነሣ አይጠየቅም፤ ሣሩ ደርቆ ክብሪት ሲጠብቅ ነው የሚከርመው። ከምዕራብ በኩል ነድዶ ጉብታውን ያዘ። ዕጣን ደግሞ ለእሳት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። በግንዷ ላይ የረጋው ዕንባ ሁሉ፣ በየሸንጎው የቆጠረችው እያንዳንዱ ጠብታ፣ እንደ ጧፍ ተራ በተራ ተያያዘ። ሽታውማ ግሩም ነበር። ሸንጎው ሁሉ ያን ጊዜም አደነቀ።

የተረፈችው በአንድ ጎኗ ብቻ ነው። በአያ አባሎ በኩል። ለምን በዚያ በኩል እንደተረፈች ጠዋት ጭሱ ሲገለጥ አየች። የአባሎ ጥላ ከሥሩ ሣር ስለማያሳድግ እሳቱ እዚያ ሲደርስ የሚበላው አጥቶ ነው የሞተ። አባሎ ግንዱ ጠቁሯል፤ ቆሟል። አንድ ቃል አልተናገራትም። እሷም አላመሰገነችም። ምስጋና ያን ጊዜ ከእሳቱ በላይ ነበር የሚያቃጥላት።

ወንዝ በበጋ አይናገርም። የገለጉ ወንዝ ሐምሌ ላይ ሞልቶ፣ ደጋውን ሁሉ አጥቦ፣ ድፍርስርስ ብሎ መጣ። ዛፎቹ አባ ገለጉ ይሉታል፤ የቆላው ነፍስ አባት እሱ ነው።

«አባ፣ ዕጣኔን ለመቅደስ ሰጥቻለሁ። ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን ደረሰብኝ?» አለችው።

«ዕጣኑ ገብቷል ልጄ» አለ አባ ገለጉ። «አንቺስ ገብተሻል?»

ዝም አለች። ውሃው ሲያልፍ ብዙ ግንድ፣ ብዙ ቅጠል፣ የሞተ እንስሳም ይዞ ያልፋል።

«እንግዲህ ተውኩት ልበል?»

«አትበይ። ተውኩት ያለኝ ብዙ ነው፤ ዲንደር ሳልደርስ ከኋላዬ ‹አባ መልስልኝ› ብሎ ይጠራኛል።»

«ምን ላድርግ ታዲያ? ልርሳው?»

«የተመታሽው እውነት ነው፤ እውነት አይረሳም። ቀኖናሽ አንድ ነው። ነገርሽን እንደ ልማድሽ ተርኪው፤ ግን ሙሉውን ተርኪ። ከምሳሩ ጀምሪ፣ ከዚያ ውሃ የነሣሻትን የአባሎን ቡቃያ ጨምሪ። ግንደ ቆርቁርን ማን እንደጠራውም ጨምሪ።» ይህን ብሎ ሄደ። የሚጠብቀው አገር ነበረው፤ ድንበር ተሻግሮ ዲንደርን ይቀላቀላል፣ ዲንደር ዓባይን። የይለፍ ወረቀት የሚጠይቀው የለም።

ቀላል ይመስላል። በመጀመሪያው ሸንጎ ከምሳሩ ጀምራ ቡቃያዋ ጋ ስትደርስ ድምጿ ተቆረጠ፤ ተረቱን እንደ ድሮው ጨረሰችው። በሁለተኛው ቡቃያዋን ተናግራ «ግን መጀመሪያ እነሱ ናቸው» የሚል ጨመረችበት። በፍልሰታ ጾም መካከል፣ ለሰው ሁሉ ልብ በሚራራበት ሰሞን፣ እሷ ግንደ ቆርቁርን ሌሊት በድብቅ ጠራችው፤ አስቆረቆረችና በነጋታው አፈረች። ሰዎች የልብ መለወጥን እንደ መብረቅ ያወሩታል። እኔ ያየሁት እንደ ሰሊጥ ነው። ሰሊጥ ከጊዜው በፊት ቢያጭዱት ፍሬው አይሞላም፤ ካዘገዩት ቆባው ፈንድቶ መሬት ይበትነዋል። ቀኑ ሲደርስም ታጭዶ፣ በሂላ ቆሞ፣ ፀሐይ መትቶት ነው በመጨረሻ ሲገለብጡት «ሿ» የሚለው።

በአምስተኛው ሸንጎ ሙሉውን ተናገረች። ጸጥታ ይሆናል ብላ ነበር። ግራሮቹ መንሾካሾክ ጀመሩ። ሸምበቆ አዛጋ። እንዲህ ያለ ተረት፣ በዳዩም ተበዳዩም የሚሳተፍበት፣ ለጭብጨባ አይመችም። ግንደ ቆርቁር ጥቂት ቀን ጠበቃትና የሚቆረቆር ነገር ሲያጣ ከጉብታው ማዶ ወዳለች ሌላ ዕጣን ሄደ። ወንበሯን ሸምበቆ ወሰደው። እስከ ዛሬም እሱ ነው የሚመራው፤ ሸንጎው እንደ ድሮው አለ፣ ቁስል እየተቆጠረ። አያ ኩሬም ከእሷ ጋር መነጋገር ትቷል።

አንድ ማታ፣ ነፋስ በሌለበት፣ ሸንጎ በማይሰማበት ሰዓት፣ «አያ አባሎ» አለች።

«አቤት እመት።»

«ያቺ ቡቃያ... ስሟን አውጥተህላት ነበር?»

አያ አባሎ ረጅም ጊዜ ዝም አለ። «አላወጣሁም» አለ በመጨረሻ። «ቆይ ትጠንክር ብዬ።»

ዕርቁ ይህ ነበር። ሌላ ነገር አልተባለም፤ በግም አልታረደም።

ዕጣን ለቃሚዎቹ ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ አብሯቸው ነበር። ግንዷን ዳስሶ «ይቺ ትረፍ» አለ። «ከርሞ ሦስት ቦታ እንነካታለን፤ ዘንድሮ ትረፍ።» ከርሞ መጥተው ነኳት፤ ሰጠቻቸው፤ ሰጥታም ቁስሏን ዘጋች። ጎልማሳው ግን አልመጣም። አንዳንዱ እናቱ ሸሚዙን አጥባው ለነዳያን ሰጠችው ይላል፣ ሌላው አሁንም ሣጥን ውስጥ ነው ይላል። ተረቱን የነገረኝም አያውቅም።

በሦስተኛው ዓመት የእመት ዕጣን ፍሬ ሲፈለጥ ዘር ነበረበት። አንዷ ወድቃ በአያ አባሎ ጥላ ሥር፣ ሣር በማይበቅልበት፣ እሳት በማይደርስበት በኩል ወጣች። ዘንድሮ ጉልበት ደርሳለች። ከብት ነጂዎች፣ በገለጉ ማዶ በዚያ ጉብታ ስታልፉ፣ እባካችሁ በሬዎቹን ወደ ግራ መልሱልን።